የታዲዮስ ድርሻ ካርታ ላይ ሲቀላ

ወርቃ፣ የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለባርኮት፣

የጌታ ሰላም ባለሽበት አገር ይድረስሽ። ብርዱ እንዳይጎዳሽ፣ ክፉ ሰው እንዳያገኝሽ እናትሽ የትምወርቅ ጠዋት ጠዋት ሳትጸልይልሽ እሳት አታነድም። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው። የትምወርቅን ዳገቱ ላይ ጉልበቷ እየከዳት ነው፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው።

«መሥሪያ ቤቱ ስልኬን ያያል፣ በወረቀት ጻፉልኝ» ያልሽው ደርሶኛል። ይሁን። በዚያች መስታወት ላይ ፊደል ስፈልግ ከምውል ለእኔም ወረቀት ይሻለኛል። ዲላ የሚወርድ ሚኒባስ ሳገኝ ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ፤ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ያዘዝሽውን ፈጽሜያለሁ። እሸት ቡናችንን ለወርቃ ማጠቢያ የምናስገባ ገበሬዎች በሙሉ ማሳችንን ዳር ዳሩን በጂፒኤስ አስለክተናል። ቀላል እንዳይመስልሽ። ጎረቤታችንን ሙሌን ታውቂዋለሽ፣ የገዛ ጥላውን የሚጠራጠር ሰው ነው፤ «ዛሬ ድንበሬን የለካ ነገ መሬቴን ይወስዳል» ብሎ አጥሩን ዘጋ። ሌላውም እሱን አይቶ አመነታ። እኔ ነኝ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሜ «ገዢው ኩባንያ ውስጥ ያለችው ልጄ ናት፤ ባርኮት ካለች ለክፉ አይደለም» ያልኩት። በአንቺ ስም ነው የተለኩት፤ ይህን እወቂልኝ።

ሌላው ዜና የወለደሽ አባትሽ፣ የሟቹ ወንድሜ የታዲዮስ ድርሻ ነው። ቡናው አርጅቶ ፍሬው መክሳቱን ነግሬሽ ነበር። ባለፈው ዓመት ኩባንያችሁ የላካቸው አሠልጣኞች የድሮውን ጉንደላ እንደ አዲስ አስተምረውናል፤ ያረጀውን ግንድ ከጉልበት በታች በመጋዝ ቆርጦ ከጉቶው አዲስ ቡቃያ ማብቀል። የቀበሌያችን ልማት ሠራተኛ «በየዓመቱ ሲሶ ሲሶውን ቁረጥ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ደቦ ጠርቻለሁ፣ ወይፈን ጥያለሁ። መጋዙን ስሎ የመጣን ሰው ሲሶውን ቆርጠህ ግባ ይባላል? ከዚያ ወዲያ ወርቃ ላይ ማን ቀና ብሎ ይሄዳል? ማሳው በአንድ ቀን ተጎነደለ፤ ጥላ ዛፉንም አሳሳነው። የታዲዮስ መቃብር ዙሪያ ያሉትን የብርብራ ዛፎች ብቻ አልነካንም። አሁን ከመንገድ ሆነሽ ብታዪው የተላጨ ራስ ነው የሚመስለው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ፍሬው ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ያኔ ትረከቢኛለሽ። የእኔ ማሳ ይቆየኝ ብዬ ያንቺን አስቀድሜያለሁ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ከቡቃያው ጠንካራውን ትቼ ሌላውን የምቀነጥስበት ደህና መቀስ ላኪልኝ። ዲላ የሚሸጠው ሁለት ቀን ሠርቶ አፉን ይከፍታል።

አባትሽ ገበየሁ

—

አንትወርፕ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረማችሁ? ለመጪው ትንሣኤ በሰላም ያድርሳችሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። እማማን ጉልበታቸውን ለሐኪም ያሳዩ ይበሉልኝ፤ ቅባት ልኬያለሁ። መቀሱንም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ዲላ ድረስ ይደርሳል።

ስለ አባቴ ድርሻ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅ ሆኜ የተጎነደለ ማሳ ውስጥ ቁራጭ እየለቀምኩ እሾህ የወጋኝ ትዝ አለኝ፤ አዝለውኝ ነበር ወደ ቤት የተመለሱት።

የምሠራውን ልንገርዎ። አውሮፓውያን አዲስ ሕግ አውጥተዋል። በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 2013 ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና አገራቸው እንዲገባ አይፈልጉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጆንያ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ በካርታ መታየት አለበት። ኩባንያችን የኃላፊነት ክፍል የሚባል አቋቁሟል፤ እኔ እዚያ ነኝ። ሳተላይት ከላይ ያነሣውን እናያለን፤ ንጹሑ አረንጓዴ ነው፣ የተጠረጠረው ቀይ። ቀዩ ላይ ደን ነበር ወይስ አልነበረም ብለን እንፈርዳለን። በክፍሉ ውስጥ አፍሪካዊት እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ አይቆጡኝ። ስሜን ለማንም አይጥሩ። በዘመዱ ቡና ላይ የሚፈርድ ሠራተኛ ይባረራል። ስቀጠር «ከቡና አቅራቢዎቻችን መካከል ዘመድ አለሽ?» ብለው ጠይቀውኝ የለኝም ብያለሁ። ገበሬዎቹ ተመዝግበው ሲመጡ አለቃዬ የእርስዎን ስም አይታ ከእኔ ከባርኮት ገበየሁ ስም ጋር አስተያየችው። «እዚያ አገር ገበየሁ የማይባል የለም» ብዬ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ሥራ ለማግኘት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። የኩባንያው ሰዎች ወርቃ ከመጡ እንደማያውቁኝ ይሁኑልኝ።

ልጅዎ ባርኮት

—

ወርቃ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለባርኮት፣

ሰላምሽ ይብዛ። መቀሱ ደርሶኛል፣ ተባረኪ። ቅባቱም ደርሷል። ስምሽን አልጠራሁም፤ ሌላው ግን ይጠራዋል፣ ምክንያቱን ልንገርሽ።

የዘንድሮው እሸት መልካም ነበር። ማጠቢያው በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰው ጆንያውን ትከሻው ላይ ይዞ ተሰልፎ ሳለ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለና ሚዛኑ ቆመ። የእኛ ማጠቢያ ቡና አይገዛም ተባለ። ለምን? አንድ ማሳ ቀልቷል። የአንድ ማሳ ቡና ከሌላው ጋር ገንዳ ውስጥ ተቀላቅሎ ስለሚታጠብ አንዱ ከተበከለ ሁሉም ተበክሏል ተባለ። የማን ማሳ ነው? የገበየሁ። የትኛው? የታዲዮስ ድርሻ። «ደን ተመንጥሮበታል» ይላል።

ልጄ፣ እዚያ ቦታ ደን የነበረው አያትሽ ሳይወለድ ነው። ሳተላይቱ ያየው ጉንደላውን ነው። መጋዝ ያስያዙን ራሳቸው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ለምን ቆረጣችሁ ይሉናል።

እሸት አያድርም፤ ለአንቺ አይነገርም። ሰው ያመጣውን ተሸክሞ ተመልሶ ባገኘው ቁርበትና ሸራ ላይ አሰጣው፤ ከነቅርፊቱ ደርቆ፣ በጀንፈል፣ ለገደብ ከተማ ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ሸጠው። ይህን ያደረገባቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ሙሌ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ ሰው እየሰማ፣ «ያስለካኸን በልጅህ ስም ነው፤ ያስዘጋኸንም በልጅህ ስም ነው» አለኝ። በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ላይ የትምወርቅ የተቀመጠችበት አግዳሚ ከእሷ በቀር ባዶ ሆኖ ዋለ። መጥታ አልነገረችኝም፤ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

መቀስ አልጠይቅሽም፣ ብር አልጠይቅሽም። አንድ ቃል በያቸው። «ይህ ደን አይደለም፣ የተጎነደለ ቡና ነው» በያቸው። የምትፈርጂው አንቺ ነሽ ብለሽኛል። አጎቴ ነው አትበዪ፤ ታውቂው የለ፣ ማንም ኢትዮጵያዊ እንደሚያውቀው አድርገሽ ተናገሪ። ጉንደላውን ዘርዝሬ ጽፌልሻለሁ፣ አንቺም መልሰሽልኛል። ፈጥነሽ ጻፊልኝ፤ ሰው ለቅሞ አልጨረሰም፣ ገና ሁለት ለቀማ ይቀራል።

አባትሽ ገበየሁ

—

አንትወርፕ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ የዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ነበረብን። እዚህ በረዶ ጥሏል።

የደረሰባችሁን ስሰማ በጣም አዝኛለሁ። ይሁን እንጂ አሠራሩን እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ጉዳዩ በባለሙያ ታይቶ ውሳኔ ተሰጥቶበታል። አንድ ጊዜ የተወሰነን ነገር እኔ ተነሥቼ ላስቀይር ብል ለምን ይህ ማሳ እንዳሳሰበኝ ይጠይቁኛል።

ሕጉ ለአንድ ዓመት መራዘሙን በሬዲዮ ሰምታችሁ ይሆናል። መንግሥታቱ ተከራክረው አራዘሙት። ኩባንያችን ግን ለደንበኞቹ ቀድሞ ቃል ስለገባ በራሱ ደንብ ይቀጥላል፤ እንዲያውም በዚህ ተመስግኗል።

አስቤበት ያገኘሁት መፍትሔ አለ። ማጠቢያው የቆመው በአንድ ማሳ ነው። ባለማሳው ከማጠቢያው አባልነት በፈቃዱ ቢወጣ የቀሩት በሚቀጥለው ወቅት ወዲያው ይፈቀድላቸዋል። ሰውም ቂሙን ይረሳል። እርስዎ ለሕዝብ የሚያስቡ ሰው ስለሆኑ ይህን ማድረግ አይከብድዎትም ብዬ አምናለሁ። ከወጡ በኋላ ነገሩ ሲበርድ እኔ ከውስጥ ሆኜ የምችለውን እሞክራለሁ።

እማማን ሰላም ይበሉልኝ።

ባርኮት

—

ወርቃ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለባርኮት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ኅዳር ለጻፍኩልሽ መልሱ የካቲት ገባ፤ ለቀማውም አልቋል፣ ሰውም ተስፋ ቆርጧል። አልወቅስሽም። በረዶም ሪፖርትም አለብሽ።

ያልሽውን አደረግሁ። ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር ሶንጎ፣ የአገር ሸንጎ፣ ተቀምጠው ጠሩኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡትም፣ የማይመጡትም ነበሩ። እዚያ ዛፍ ሥር አያትሽ ለሰው ድንበር ሲፈርድ ያየሁ ሰው፣ እኔ ራሴ ተከሳሽ ሆኜ ቆምኩ። ከመጠየቃቸው በፊት «እወጣለሁ» አልኳቸው። ሙሌ ብቻ «ቀድሞ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ። ለዚያ ሰው እንሰቱ ሲደርቅበት የእኔን ነቅዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው መርቀው አሰናበቱኝ፤ መርገም የሚመስል ምርቃት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ያን ቀን ሰማሁ።

አሁን የታዲዮስ ድርሻ ብቻ አይደለም፣ የራሴም ማሳ ቡና ማጠቢያ አይገባም። ማሳው ቀይ አይደለም፣ ሰውየው ነው ቀይ የሆነው። ለጀንፈል ነጋዴ እሸጣለሁ፤ እሱም ችግሬን ስለሚያውቅ ዋጋውን ራሱ ይናገራል።

ቡቃያው ግን ወጥቷል። እያንዳንዱ ጉቶ ላይ አምስት ስድስት ብቅ ብሏል፤ በላክሽው መቀስ ሁለት ሁለት እያስቀረሁ ነው። ፎቶ አስነሥቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። አለቃሽ አንድ ጊዜ ብታየው ይበቃታል፤ የተመነጠረ ደን ቡና አያበቅልም። ነገሩ በርዷል። አሁን ተናገሪ።

አባትሽ ገበየሁ

—

ወርቃ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባርኮት፣

እንደምነሽ? የየካቲቱ ደብዳቤ ደርሶሽ እንደሆነ አላወቅሁም። ሾፌሩ አስገብቻለሁ ብሎ ይምላል። የትምወርቅ «ታማ ይሆናል» ትላለች፤ ለእሷ ስል ደህና ነኝ ብለሽ አንድ መስመር ጻፊ። ለእኔ የምትዪው ካለሽም እጠብቃለሁ።

አባትሽ

—

ወርቃ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባርኮት፣

የኩባንያሽ ሰዎች መጡ። ሁለት ነጮችና ኃይለኢየሱስ የሚባል የአዲስ አበባ አስተርጓሚ። ማጠቢያው ለመጪው ወቅት ተፈቅዶለታል፤ ያንን ሊያዩ ነው። እኔ ጋ ምን ያመጣቸዋል፤ ዝናብ አመጣቸው። መኪናቸው ጭቃ ይዞት በረንዳዬ ላይ ተጠለሉ። የትምወርቅ ወንበር አወጣች፣ የተቀቀለ በቆሎ አቀረበች። እንደማላውቅሽ ሆንኩ፤ ባዘዝሽኝ መሠረት።

አስተርጓሚው ወሬ ይወዳል። የታዲዮስን ማሳ አይቶ «ያ ቀይ ማሳ ይሄ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። ቡቃያውን ቢያይ ራሱን ነቀነቀና «ጋሼ፣ እርስዎማ ተበድለዋል» አለ። ማን እንደፈረደ ጠየቅሁት። የነገረኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

«አለቃይቱ ራሷ ተጠራጥራ ነበር። ጉቶው በመስመር ነው የቆመው፣ ደን በመስመር አይበቅልም ብላ ነበር። የዘጋችው ያቺ የእኛ አገር ልጅ ናት። ‹አካባቢውን አውቀዋለሁ፣ የእኛ ሰዎች ደን የሚመነጥሩት እንዲህ ነው› አለች። ከዚያ ማን ይከራከራል? ጎበዝ ልጅ ናት፣ ለአገሬ ሰው ብላ አታደላም። በዚሁ ዕድገት ሰጧት።»

የትምወርቅ በቆሎውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰማች። ገብታ መኝታ ቤቱን ዘጋች።

እኔ ዝም ብለሽ ያለፍሽ መስሎኝ ነበር። ዝምታሽን ችዬው ነበር፤ ፈርታ ነው፣ ልጅ ናት እያልኩ የሰውን ሁሉ አፍ ስዘጋ ከረምኩ። አንቺ ለካ ተናግረሻል። ፈረንጇ ልታድነኝ አፏን ስትከፍት አንቺ ነሽ የዘጋሻት። እብድ ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል ይባላል፤ አንቺ ግን አላበድሽም፣ ዕድገት አግኝተሽበታል።

ውሸት ነው በይኝና ልመንሽ። ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ገበየሁ

—

አንትወርፕ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ።

ውሸት ነው ማለት አልችልም። የሆነውን ግን ይስሙኝ። አለቃዬ ትልቁ ሰሌዳ ላይ ያንን ማሳ ከፈተች። ሥሩ ስምዎ ተጽፏል። ስሙን አነበበችና እኔን አየችኝ፤ እንደዚያ ጊዜ አልሳቀችም። «ቡና ይሆን እንዴ?» ያለችው ጠርጥራ አልነበረም፤ እኔን ልትፈትን ነበር። እንደዚያ መሰለኝ። ነው ብል ዘመዴን ያዳንኩ ውሸታም እሆናለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ የተያዘው በዚህ ሥራ ነው። ከተባረርኩ በሦስት ወር ውስጥ ከአገሩ እወጣለሁ። ተመልሼ ምን እሆናለሁ? ዲላ ባንክ ቤት መስኮት ላይ?

ደግሞም የማንን ማሳ ነው ያጠፋሁት? የአባቴን ድርሻ፣ የራሴን ነው። ማንም ለራሷ አደላች እንዳይለኝ ከራሴ ጀመርኩ። የሌሎቹ እንዲከፈት መንገዱን የነገርኩዎትም እኔ ነኝ፤ ይኸው ተከፍቷል። አንድ ሰው ተጎድቶ ብዙ ሰው ዳነ። በሥራዬ የተማርኩት ይህንን ነው፣ አላፍርበትም።

እውነቱን ካነሣን እርስዎስ? ልማት ሠራተኛው ሲሶውን ብሎዎት ነበር። ሲሶውን ቢቆርጡ ሳተላይቱ አያየውም ነበር። ለደቦ እፍረት፣ ወይፈን ጥሎ ለመመስገን ብለው ሙሉውን አስቆረጡ። የእርስዎን የኩራት ኃጢአት እኔ ብቻዬን ልሸከመው አልችልም።

ያሳደጉኝን አልረሳሁም። አባቴ ታዲዮስ ሲሞት በራስዎ ስም ትምህርት ቤት እንዳስገቡኝ አልረሳሁም። ግን ለእርስዎ ብዬ እዚህ ያለውን ሁሉ ልጣ?

እማማ በስልክ እንኳ ያናግሩኝ።

ባርኮት

—

አንትወርፕ፣ መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድና የተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ፣ ለእማማ ጤና፣ ለግቢው ሁሉ ሰላም እመኛለሁ። ስድስት ወር አልጻፉልኝም። የዛሬው ደብዳቤዬ ግን የደስታ ነው፤ እርስዎም ይለዝባሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ማሳችን አረንጓዴ ሆነ። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ምስል መጣ፤ ቀይ የነበረው በሙሉ ለምልሟል። ደስታዬን ልነግርዎ አልችልም፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አለቃዬ «ደኑ በአንድ ክረምት ያገገመበት መሬት» ብላ ለዓመቱ ሪፖርት መርጣዋለች። ፎቶ አንሺ ይመጣል፤ እባክዎን ይተባበሩ። ይህ ከወጣ አባልነትዎም ይመለሳል። ይታገሡ አላልኩዎትም?

ሁለተኛው የእኔ ነው። ሚሊዮን የሚባል ሰው ለትዳር ጠይቆኛል። እዚሁ መሐንዲስ ነው፤ ቤተሰቦቹ ግን ዲላ ናቸው፣ አባቱን አቶ ከፍያለውን ዲላ የማያውቅ የለም። እነሱ ወግ የሚያጠብቁ ሰዎች ናቸው። «ልጅቷን ከአባቷ ደጅ ሳንለምን ቀለበት የለም» ብለዋል። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ወደ ወርቃ ይልካሉ። አባባ፣ ከእርስዎ ሌላ አባት የለኝም። በመጀመሪያው ቀን «እንመክራለን» ብለው ቢመልሷቸውም ግድ የለም፣ ወጉ ነው፤ ብቻ ተቀብለው ያስቀምጧቸው። የተፈጠረውን ለእነሱ እንዳያነሡብኝ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ሚሊዮንን እወደዋለሁ። ይህ ከፈረሰብኝ ምንም አይቀረኝም።

ሁልጊዜም ልጅዎ፣
ባርኮት ገበየሁ

—

ወርቃ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለባርኮት፣

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ። በሰው አገር ያለሽን ጌታ በክንፉ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጥጃው ወይፈን ሆኗል። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል።

ለሁለቱም ጥያቄሽ መልስ ይዣለሁ፣ በተራው አንብቢ።

ፎቶ አንሺው መጥቷል። ማሳው መለምለሙ እውነት ነው፤ ግን ቡና አይደለም፣ ደንም አይደለም፣ ባሕር ዛፍ ነው። ኃይለኢየሱስ በነገረኝ ሳምንት ቡቃያ የያዘውን ጉቶ በሙሉ ከነሥሩ ነቀልኩት። አንድም ሰው አልጠራሁም፣ ደቦ የለም፣ ወይፈን የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ቸግሮኝ አይደለም፤ ጀንፈሉም ያኖረኝ ነበር። ተናድጄ ነው። በመቀስሽ የመረጥኩትን ቡቃያ በእጄ ስስብ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። ከዚያ ባሕር ዛፍ ተከልኩ፣ በሙሌ ድንበር በኩል አስጠግቼ። የእሱ እንሰት ከወዲሁ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ምንጩም ይደርቃል ይሉኛል። ይድረቅ።

ፎቶ አንሺው «ይህ ያገገመው ደን ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። ፈገግ በል አለኝ፤ ፈገግ አልኩ። ሪፖርታችሁ ላይ ታዪኛለሽ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ የእናንተ መሥሪያ ቤት ወተቱንም ከሰማይ ያልባል።

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ዕለት መጡ። ሦስት ናቸው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከመንገድ ጀምሮ ጫማቸውን ጭቃ እየጠጣው። ቀድሞ ቆመው ነበር የተናገሩት፤ «ቁጭ በሉ» ብዬ አስቀመጥኳቸው። ታላቅየው እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመረ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ልጆች። ከዚያ «ልጅዎን ባርኮትን ለልጃችን ለሚሊዮን ሚስት እንድትሆን ይስጡን» ብሎ ተነሣ።

«ጠያቂ ናችሁ፣ አከብራችኋለሁ» አልኩት። «ግን የመጣችሁት ከባለቤቱ አይደለም። ልጅቷ የእኔ አይደለችም። አባቷ ታዲዮስ ይባላል።»

ሽማግሌው ሳቀ፤ ለወጉ የምግደረደር መስሎታል። «እሺ፣ ታዲዮስን የት እናገኘዋለን?» አለ። ተነሥቼ መራኋቸው። በባሕር ዛፉ መካከል ይዣቸው ወርጄ መቃብሩ ዘንድ አቆምኳቸው። ብርብራዎቹንም ቆርጫቸዋለሁ፤ ባዶ ነው። «ይኸው፣ ለምኑት» አልኳቸው። «ይቺ ልጅ አባት የላትም፣ የምትጠራበትም ስም የእሷ አይደለም። ያሳደጋት ሰው ዘመዷ እንዳልሆነ ራሷ ለአሠሪዎቿ መስክራለች። ልጃችሁ የሚያገባት ማን እንደሆነች ይጠይቅ።»

ታላቅየው ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። እህል ቀርቦ ነበር፣ አልቀመሱም። የትምወርቅ ጋቢያቸውን ይዛ እስከ መንገድ ድረስ ለመነቻቸው፤ ባጃጃቸው ላይ ሲወጡ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ነበር፣ በዚያ ጉልበቷ። አልተመለሱም። እኔ በር ላይ ቆሜ አየኋት፤ ሄጄም አላነሣኋትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። ምግቤን አስቀምጣ ትወጣለች። በዚህ አንቺ ደስ ይበልሽ፤ እኔ ያለኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷንም ወስደሽብኛል። ስልክ ስትደውልልሽ እሰማለሁ። ታለቅሳለች፣ አንቺም የምታለቅሺ ይመስለኛል። አልከለክላትም።

የታዲዮስን ድርሻ መረከብ ከፈለግሽ ነይና ተረከቢ። ባሕር ዛፉ በአራት ዓመት ለግንበኛ ይደርሳል። መሬቱ የእኔ አይደለም።

ጌታ ይባርክሽ፣

አጎትሽ ገበየሁ